ያልጠበቅነው ሲመጣ፦ የአንጎል ኬሚካሎችና ለእንግዳ ድምፅና ምስል የሚሰጡ የኤሌክትሪክ ምላሾች

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የምናገረው ከግማሽ ሰከንድ ብዙም ስለማይበልጥ ጊዜ ነው። በዚህች ቅጽበት አንጎላችን ያልጠበቀውን ድምፅ ይሰማል ወይም ያልጠበቀውን ነገር ያያል፤ ከለመደው ጋር ያስተያየዋል፤ ትኩረት ይገባው እንደሆነ ይመዝናል፤ ስለ ዓለም የያዘውንም ግምት ያርማል። ይህ ሁሉ ሲከናወን ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ ሊለካ የሚችል የኤሌክትሪክ ምልክት ይታያል። የዛሬው ጥያቄዬ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው፣ ይህን ምልክት ከአንጎል ኬሚካሎች የትኛው ይቀርጸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል፤ ምልክቱን አይተን ስለ ኬሚካሉ፣ ከዚያም አልፈን ስለ ሕመምተኛው፣ ምን ያህል በድፍረት ልንፈርድ ይገባናል?

የመልሴን ጭብጥ ከወዲሁ ላስቀምጥ። «መደነቅ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር በአንጎል ውስጥ የብዙ ሥራዎች ድምር ነው፤ ሥራዎቹም በተለያዩ ኬሚካሎች ላይ ይደገፋሉ። በዚህ ምክንያት አንድን ሞገድ የአንድ ኬሚካል ፊርማ አድርገን ልናነበው አንችልም። ሥራዎቹን ለይተን ከጠየቅን ግን ሞገዶቹ ብዙ ይነግሩናል።

ምልክቱ እንዴት ታወቀ

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በየና ከተማ የመጀመሪያውን የሰው ኢኢጂ የቀዳው በ1924 ሲሆን ውጤቱን ያሳተመው በ1929 ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ። ኢኢጂ በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች አማካይነት የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መቅዳት ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ጥቂት ማይክሮቮልት ብቻ ስለሆነ በአንጎሉ የዘወትር እንቅስቃሴ ይዋጣል።

በገበያ ቀን በመርካቶ መካከል የሚነገርን ሹክሹክታ አስቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ከተነገረ ማንም አይሰማውም። ያንኑ ሹክሹክታ 36 ጊዜ ቀድተን፣ ቅጂዎቹን ከመነሻቸው አሰልፈን አማካያቸውን ብንወስድ ግን ነገሩ ይለወጣል። የገበያው ጫጫታ በየቅጂው የተለያየ ስለሆነ እርስ በርሱ እየተጣፋ ወደ ስድስተኛ እጁ ዝቅ ይላል፤ ሹክሹክታው ባለበት ይቆያል። የዘርፉ ተመራማሪዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ድምፁን ወይም ምስሉን ደጋግመው ያቀርባሉ፤ ምላሾቹን አሰልፈው አማካያቸውን ያወጣሉ።

በ1965 ሳሙኤል ሳተንና ባልደረቦቹ በዚህ ዘዴ አንድ ቀላል ሙከራ አደረጉ። ለተሳታፊዎች ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ይሁን ብርሃን አንዳንድ ጊዜ በእርግጠኝነት ይታወቃቸዋል፤ ሌላ ጊዜ ግን አይታወቃቸውም። የሚቀርበው ድምፅ ወይም ብርሃን በሁለቱም ሁኔታ አንድ ዓይነት ነው። ተሳታፊው እርግጠኛ ባልነበረበት ጊዜ ግን ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ትልቅ አዎንታዊ ሞገድ ተነሣ። ይህ ሞገድ ዛሬ ፒ300 በሚል ስም ይታወቃል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ቡድን ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አሳየ። ተሳታፊው ድምፅ ሊመጣ በሚችልበት ሰዓት ድምፁ ሳይመጣ ሲቀር፣ ያ ዝምታ ራሱ መረጃ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሞገዱ ይነሣል። በማሕሌት ላይ ከበሮው በለመድነው ምት እየተመታ ሳለ አንዲት ምት ብትዘለል ሁላችንም ቀና እንላለን። በዚያች ቅጽበት ወደ ጆሯችን የገባ አዲስ ድምፅ የለም። ምላሹን የወለደው አንጎላችን አስቀድሞ የያዘው ግምት ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ ይቆማል።

በተለመደው ሙከራ ተሳታፊው ከመቶ 80 ያህል ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ለምሳሌ 1000 ኸርዝ፣ ይሰማል፤ በቀሩት ጊዜያት ሳይታሰብ 2000 ኸርዝ ጣልቃ ይገባል። እንግዳውን ድምፅ እየጠበቀ ከቆጠረ ፒ300 በራስ ቅሉ የኋላ አጋማሽ ላይ ጎልቶ ይታያል። በ1975 ደግሞ ተመራማሪዎች ቀደም ብሎ የሚመጣና ወደ ግንባር የሚያደላ ሌላ ወገን እንዳለው ለዩ። የፊተኛው ትኩረታችን ሳናስበው ወደ አዲስ ነገር ሲሳብ፣ የኋለኛው ነገሩ ለያዝነው ሥራ ትርጉም ሲኖረው ይጎላል። ፊንላንዳዊው ሪስቶ ናታነን በበኩሉ በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ሦስተኛ ምልክት አስተዋወቀ። ይህ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ የሚታይ አሉታዊ ሞገድ ነው። ሰውየው መጽሐፍ እያነበበ ድምፆቹን ከቁም ነገር ባይቆጥራቸውም ይነሣል። በዛሬው ንግግር «የአለመጣጣም ሞገድ» እለዋለሁ።

ኬሚካሉ በሞገዱ ውስጥ ምን ይሠራል

ከራስ ቅል ላይ የምንለካው ቮልቴጅ በዋነኛነት የሚመነጨው በአንጎል ቅርፊት ውስጥ ጎን ለጎን ተሰልፈው ከቆሙ የነርቭ ሕዋሳት ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ መልእክት ሲቀበሉ በየሕዋሱ ዙሪያ የሚፈሱት ጥቃቅን ጅረቶች ተደምረው እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። መልእክቱን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በሚሊሰከንዶች ውስጥ የሚያደርሱት ዋነኞቹ ኬሚካሎች ግሉታሜትና ጋባ ናቸው፤ ፊተኛው ያነሣሣል፣ ኋለኛው ይገታል።

ኖርአድሬናሊን፣ አሴቲልኮሊንና ዶፓሚን ግን በአብዛኛው ሥራቸው ሌላ ነው። ከጥቂት ማዕከላት ተነሥተው በሰፊው የአንጎል ክፍል ይረጫሉ፤ በዝግታ ይሠራሉ፤ ሕዋሳቱ ለሚደርሳቸው መልእክት የሚሰጡትን ምላሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ። በመስኖ ብንመስላቸው ግሉታሜት ውሃው ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በየቦዩ አፍ ላይ ቆመው ውሃው ወዴትና ምን ያህል እንደሚፈስ የሚወስኑት ናቸው። ማሳው ደርቆ ስናገኘው ምክንያቱ የውሃው ማነስ ይሁን የበሩ መዘጋት ከሩቅ ሆኖ መለየት ያስቸግራል። የሞገዶችን ኬሚስትሪ ማጥናት አስቸጋሪ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማነጻጸር፦ ግሉታሜት

የአለመጣጣም ሞገድ እንዲነሣ አንጎል ያለፈውን ድምፅ አስታውሶ ከአሁኑ ጋር ማነጻጸር አለበት። ለዚህ የሚመች ባሕርይ ያለው ኤንኤምዲኤ የተባለው የግሉታሜት ተቀባይ ነው። ይህ ተቀባይ ሁለት ቁልፍ እንዳለው ካዝና ነው። ግሉታሜት መጥቶ ሊነካው ይገባል፤ ሕዋሱም አስቀድሞ የተነሣሣ መሆን አለበት። ሕዋሱ ባልተነሣሣ ጊዜ የማግኒዥየም ion ቅንጣት መተላለፊያውን ደፍኖ ስለሚቆይ አንዱ ቁልፍ ብቻውን አይከፍተውም። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ መገጣጠማቸውን የሚለይ መሣሪያ ለትውስታና ለማነጻጸር ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም።

በ1996 ዳንኤል ጃቪትና ባልደረቦቹ በጦጣዎች ላይ ይህን ተቀባይ የሚያግዱ ኬሚካሎችን ሞከሩ። ለድምፁ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምላሾች እንዳሉ ቆዩ፤ የአለመጣጣም ሞገዱ ግን ጠፋ። ድምፁ ተሰምቷል፤ ልዩ መሆኑ ግን አልተመዘገበም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ኬታሚን ይህንኑ ሞገድ እንደሚያሳንስ ታየ። ኬታሚን እዚህ ላላችሁ የሕክምና ተማሪዎች እንግዳ አይደለም፤ በሀገራችን ሆስፒታሎች ለማደንዘዣነት ይውላል፤ የሚያግደውም ይህንኑ ተቀባይ ነው።

ነገሩ ከቤተ ሙከራ አልፎ ወደ ሕመምተኛው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። በስኪዞፍሬንያ የታመሙ ሰዎች የአለመጣጣም ሞገዳቸው በአማካይ ከጤነኞች ያነሰ መሆኑ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተደጋጋሚ ታይቷል። ክሎርፕሮማዚን በ1952 ለአእምሮ ሕክምና ከዋለ ወዲህ የበሽታው ሕክምና በአመዛኙ ዶፓሚንን በማገድ ላይ ቆሞ ኖሯል። መድኃኒቶቹ የሌሉ ድምፆችን መስማትንና የተዛባ እምነትን በብዙ ሕመምተኞች ላይ ያስታግሳሉ፤ የአለመጣጣም ሞገዱን ግን በአብዛኛው ወደ ቦታው አይመልሱትም። ይህ ማለት አንድ ሕመምተኛ «ተሻለው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሲሸኝ፣ ተከታትሎ ማዳመጥና ሐሳቡን መሰብሰብ ሲያቅተው፣ ቤተሰቡም «ሰነፈ» ሲለው፣ መድኃኒቱ ያልነካው ሌላ ችግር ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ሞገዱ ወደ ግሉታሜት ስለጠቆመ ግሉታሜትን ማስተካከል በሽታውን ይፈውሳል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በዚህ ተቀባይ በኩል የታሰቡ መድኃኒቶች በትልልቅ የሕክምና ሙከራዎች የተጠበቀውን ያህል አልሠሩም። በ2024 በአሜሪካ ለስኪዞፍሬንያ የተፈቀደው አዲስ መድኃኒት ደግሞ በቀጥታ የሚነካው የአሴቲልኮሊን ተቀባዮችን ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ማንቃት፦ ኖርአድሬናሊን

በአንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሊየስ የሚባል ትንሽ የሕዋሳት ክምችት አለ፤ የላቲን ስሙ «ሰማያዊ ሥፍራ» ማለት ነው። አንጎላችን 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት እዚህ ያሉት በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው። ነገር ግን ክሮቻቸው ወደ አብዛኛው የአንጎል ቅርፊት ይዘረጋሉ፤ ለቅርፊቱ ኖርአድሬናሊንን የሚያቀርበው ይህ ሥፍራ ነው። ያልተጠበቀ ወይም ትርጉም ያለው ነገር ሲከሰት ሕዋሳቱ በአንድነት ለአጭር ጊዜ ይተኩሳሉ። ያን ጊዜ የዓይን ብሌንም ይሰፋል።

በ1989 ይህ ሥፍራ በተጎዳባቸው ጦጣዎች ላይ የፒ300 አቻ የሆነው ሞገድ አንሶ ተገኘ። በ2005 ሳንደር ኒውወንሃውስ፣ ጌሪ አስተን-ጆንስና ጆናታን ኮኸን ይህንና ሌሎች ማስረጃዎችን አሰባስበው ፒ300 የኖርአድሬናሊን ፍሰት በቅርፊቱ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው የሚል መላምት አቀረቡ። የጊዜው ስሌትም ይደግፋቸዋል። ሥፍራው ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ ገደማ ይተኩሳል፤ ክሮቹ ቀርፋፎች ስለሆኑ መልእክቱ ቅርፊቱ ዘንድ ለመድረስ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል፤ ድምሩ ወደ 300 ሚሊሰከንድ ይጠጋል።

መላምቱ ውብ ነው፤ እኔም በክፍል ውስጥ ሳስተምረው ደስ ይለኛል። ሆኖም የኖርአድሬናሊንን ፍሰት የሚቀንሰው ክሎኒዲን ለሰዎች ተሰጥቶ ሲሞከር ውጤቱ አንድ ወጥ አልሆነም፤ በአንዳንዱ ጥናት ሞገዱ ቀነሰ፣ በሌላው አልቀነሰም። ተማሪዎቼን የማሳስበው፣ የሁለት ነገሮች ሰዓት መገጣጠሙ አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ ነው።

መመዘን፦ አሴቲልኮሊንና ዶፓሚን

በየመንገዱ ዳር የሚበቅለውን አስተናግርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የበላው ሰው ይቃዣል፣ የማይገናኝ ነገር ይለፈልፋል፤ ስሙ ራሱ ጠባዩን ይናገራል። በውስጡ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ ስኮፖላሚን ሲሆን ከአሴቲልኮሊን ተቀባዮች አንዱን ወገን ያግዳል። በቤተ ሙከራ ስኮፖላሚን በልኩ የተሰጣቸው ጤነኛ ሰዎች ትውስታቸው ለጊዜው ይዳከማል፤ ፒ300 ሞገዳቸውም ያንሳል ወይም ይዘገያል። በአልዛይመር በሽታ አሴቲልኮሊን አመንጪ ሕዋሳት በብዛት ይሞታሉ፤ በእነዚህ ሕመምተኞችም ፒ300 ዘግይቶ ይመጣል። ሁለቱ ነገሮች የሚገጣጠሙ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ በዚሁ በሽታ ሰማያዊው ሥፍራም ገና ከጅምሩ ይጎዳል። ስለዚህ የዘገየው ሞገድ የየትኛው ጉዳት ምልክት እንደሆነ ከሞገዱ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

አሴቲልኮሊንና ኖርአድሬናሊን ሥራቸውን እንዴት ይከፋፈላሉ? አንጄላ ዩና ፒተር ዳያን በ2005 ያቀረቡት ሐሳብ ለእኔ ከሁሉ የተሻለ ብርሃን የሰጠኝ ነው። በመስከረም ዝናብ ይዘንብም ያባራም እንደሆነ እርግጠኛ አንሆንም፤ እርግጠኛ አለመሆናችንን ግን አስቀድመን እናውቀዋለን። አንድ ቀን ቢዘንብ ወቅቱ ተለወጠ አንልም። በጥር ተከታታይ ዶፍ ቢጥል ግን የያዝነውን ግምት ከሥሩ መመርመር ይኖርብናል። እንደ እነርሱ አስተሳሰብ፣ አስቀድሞ የታወቀውን ያለመተማመን የሚመዝነው አሴቲልኮሊን ነው፤ «ሁኔታው ራሱ ተለውጧል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ የሚያሰማው ደግሞ ኖርአድሬናሊን ነው። ይህ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን በሙከራ ሊፈተን የሚችል ጥያቄ ስለሚያስነሣ ይጠቅማል።

ዶፓሚንን በአጭሩ ልለፈው። ቮልፍራም ሹልትዝ፣ ፒተር ዳያንና ሪድ ሞንታግ በ1997 እንዳሳዩት፣ የዶፓሚን ሕዋሳት ከተጠበቀው የበለጠ ሽልማት ሲገኝ ይተኩሳሉ፤ የተጠበቀው ሲቀር ዝም ይላሉ። ስለዚህ ዶፓሚን በተለይ የሚመለከተው ያልጠበቅነው ነገር ለእኛ ያለው ዋጋ ነው። ቀደም ብሎ የሚመጣውንና ወደ ግንባር የሚያደላውን የፒ300 ወገን ከዶፓሚን ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎችም አሉ።

ከሞገዱ ወደ ሰውየው

እስካሁን ካልሁት በመነሣት ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሻገር። የኢኢጂ መሣሪያ ከኤምአርአይ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ከቦታ ወደ ቦታም ይንቀሳቀሳል። ለእኛ የሚጠቅም ሌላም ባሕርይ አለው። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ የትውስታ ፈተናዎች ማንበብና መጻፍን፣ የትምህርት ቤት ልማድንም ይጠይቃሉ። ለ1000 እና ለ2000 ኸርዝ ድምፅ ግን አማርኛ ተናጋሪው፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው፣ ሶማልኛ ተናጋሪው፣ ፊደል ያልቆጠሩት እናትም እኩል ናቸው። የአለመጣጣም ሞገድ ደግሞ ከሕመምተኛው መልስ እንኳ አይጠብቅም። ራሱን በሳተ ሕመምተኛ ላይ ይህ ሞገድ መኖሩ የመንቃት ተስፋ እንዳለ የሚያመለክት ጠንካራ ምልክት ሆኖ ተገኝቷል።

የምፈራውም ከዚሁ ጥቅም አጠገብ ያለውን አደጋ ነው። ሞገዱ በታየበት ሕመምተኛ ላይ ተስፋ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ባልታየበት ላይ ግን ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ይሆናል። ያልታየው ሞገድ በማደንዘዣ፣ በጆሮ ጉዳት ወይም በአቀዳድ ጉድለት ምክንያት ሊሆን ይችላልና፤ ሞገዱ ሳይታይባቸው የነቁ ሕመምተኞችም አሉ። ፒ300 በስኪዞፍሬንያ፣ በመርሳት በሽታ፣ በድባቴና በአልኮል ሱስም ያንሳል። በዕድሜም ይዘገያል፤ ከጎልማሳነት በኋላ በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨምራል። ድካምና ማስታገሻ መድኃኒትም ይለውጡታል። ከዚህ ሁሉ ጋር ያነሰ ሞገድ ይዞ የመጣን ወጣት «ዶፓሚንህ ተዛብቷል» ወይም «ስኪዞፍሬንያ አለብህ» ማለት፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ወባ ነው እንደማለት ነው። ስያሜው ደግሞ ከትኩሳቱ ይልቅ ይቆያል፤ ትዳርን፣ ሥራን፣ በጎረቤት ዘንድ ያለን ክብር ይነካል። በቡድን መካከል የታየ የአማካይ ልዩነት በአንድ ሰው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ሊሆን አይገባውም።

ስለዚህ በዚህ መስክ ልትሠሩ የምታስቡ ተማሪዎች አንድ ጥናት ስታነብቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፣ ሞገዱ የተለካው በየትኛው ሥራ ላይ ነው፤ በማነጻጸር፣ በማንቃት ወይስ በመመዘን? ቀጥሎ፣ ኬሚካሉ በቀጥታ ተነክቶ ነው ወይስ ከሞገዱ ብቻ ተገምቶ? በመጨረሻም፣ የቀረበው ውጤት ስለ ቡድን ነው ወይስ ስለ አንድ ሰው? ሦስቱን የሚመልስ ጥናት ትንሽም ቢሆን ዋጋው ትልቅ ነው። የሀገራችንን ሰዎች በዕድሜና በትምህርት ደረጃ ለይቶ ጤነኛው ሞገድ ምን እንደሚመስል መመዝገብ፣ ከውድ መሣሪያ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ያለ እርሱም ማንን «አነሰበት» ልንል እንችላለን?

አንጎል በየቅጽበቱ ግምቱን ከሚደርሰው ነገር ጋር እያስተያየ ያርማል። እርሱን የምናጠናውም ማስረጃው ግምታችንን ሲቃወም እንዲሁ ለመታረም ዝግጁዎች እንሁን።